ለእጅ የተሠራ ውሻ

«ውሻ መሆኑስ ውሻ ነው» አሉኝ አባባ፣ ጣታቸውን ከእንጨቱ ላይ ሳያነሱ። «የኔ ግን አይደለም።»

ሰኞ ከሰዓት ነበር። ስቶክሆልም ዳር ቮርቢ ጎርድ የሚባለው ሰፈር፣ እኔ የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ቀጥሎ ያለው ሆቢሩም ውስጥ ነን። ሆቢሩም የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ በየተራው ሰዓት ይዞ የሚጠቀምበት የሥራ ክፍል ነው፤ ሌላው ብስክሌቱን ይጠግንበታል፣ እኔ የውሻና የድመት ፊት ከእንጨት እሠራበታለሁ። አባባ የምላቸው የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል። ውሻቸው እግራቸው ሥር ተኝቶ ያለከልካል። እኔ እንደ ልማዴ ጠረጴዛውን በመሀላችን አድርጌ ቆሜያለሁ።

ደሜ ፈላ። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ነው። አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ከሥራ የተረፈችኝን ሰዓት ሁሉ የሰጠሁት ለዚህ ውሻ ነው። ሥራው ኢንታርሲያ ይባላል። የእንስሳውን ፎቶ ጆሮው አንድ፣ ግንባሩ አንድ፣ አፍንጫው አንድ እያልኩ እከፋፍልና እያንዳንዱን ከተለያየ እንጨት በቀጭኗ መጋዝ እቆርጣለሁ። መጋዟ እንደ ልብስ ስፌት መኪና አንድ ቦታ ቆማ ምላጯን ወደ ላይ ወደ ታች ታደርጋለች፤ እንጨቱን የማዞረው እኔ ነኝ። ከዚያ ከፍና ዝቅ እያደረግሁ አሽቼ ኮምፔርሳቶ ላይ በኮላ እገጥመዋለሁ። ቀለም የሚባል ነገር አላስጠጋም። ጥቁሩ ከጥቁር እንጨት፣ ነጩ ከነጭ እንጨት ነው የሚመጣው፤ ኩራቴም ይኸው ነው። የአባባ ውሻ ጥቁር ስለሆነ፣ የሚመጥነው ጥቁር የዋልነት እንጨት ፍለጋ ስቶክሆልምን ከጫፍ እስከ ጫፍ አካልያታለሁ። አፉ አካባቢ ለወጣው ሽበት ሳይቀር ነጭ እንጨት እንደ ክር እያቀጠንኩ ቆርጬ አስገብቻለሁ።

«ምኑ ነው ያልሆነው አባባ?» አልኳቸው፤ ድምፄ ከረር ብሎ እንደወጣ ለራሴም ተሰማኝ።

ግንባሩን እንደገና ዳሰሱት፣ ጆሮውን ዳሰሱት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምኑ እንደሆነ መናገር አልቻሉም። እጃቸው ግን አላወቀውም።

ሌላ ሰው ቢሆን «ይሁን ግድ የለም» ብሎ ግድግዳው ላይ ይሰቅለው ነበር። አባባ ዓይነ ስውር ናቸው። ስኳር በሽታ ነው ዓይናቸውን የወሰደው። ውሻው መሪያቸው ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ መንገድ ያሻገራቸው፣ ቱነልባና የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ያሳፈራቸው፣ ከደረጃ ጫፍ የመለሳቸው እሱ ነው። አሁን ጀርባው ላይ ዕጢ ወጥቶበት ሐኪሙ ከዚህ በላይ ማቆየት ማሰቃየት ነው ብሏል። በመርፌ ሊያሳርፉት ቀጠሮ ተይዞለታል፣ ሐሙስ ከሰዓት። ሰኞ ነው እንግዲህ እኔ «የኔ አይደለም» የተባልኩት።

ሥራውን ያዘዙኝ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነበር። ይሄ በር ላይ የምለው ነገር ቀላል አይደለም። አባባ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ፣ እዚህ አገር ያረጁ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሰው ናቸው። ውሻ ግን ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ቄሱ ውሻውን ለአንድ ሰው አስይዘው ይግቡ ብለዋቸው ነበር። የሚይዝ ሰው ጠፋ። ማን ይያዝ? ሁሉም ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ፣ ነጽቶ ነው የመጣው። ስለዚህ አባባ አሥር ዓመት ሙሉ ከበሩ ውጪ፣ በዝናቡም በበረዶውም፣ ውሻቸው እግራቸው ሥር ተቀምጦ፣ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ሲሰሙ ኖሩ። እኔም እሑድ እሑድ ሦስት እርምጃ ራቅ ብዬ ዞሬ «እንደምን አደሩ አባባ» እያልኩ እገባ ነበር። ሰላምታ አላጓደልኩም፤ በዚያ እራሴን ደህና ሰው አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

አንድ እሑድ ድምፄን ለይተው ጠሩኝ። አንቺ ነሽ አሉ የውሻ መልክ በእንጨት የምታወጪው፣ አሉኝ። አዎ አልኩ፣ ከሦስት እርምጃዬ ሳልጠጋ። ያኔ የነገሩኝን አልረሳውም።

«ባለቤቴ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው» አሉኝ። «ዓይኔ የጠፋው ከሷ በኋላ ነው። መጀመሪያ ፊቷ ነበረኝ፤ ሲያሰኘኝ አመጣዋለሁ። አንድ ቀን ብፈልገው አጣሁት። ፎቶዋ ግድግዳው ላይ አለ ይሉኛል፤ ሄጄ ስዳስሰው መስታወት ነው። እሱን ደግሞ እንደዚያ ላጣው አልፈልግም ልጄ። እጄ የሚያውቀው ነገር ሥሪልኝ።»

እጄ የሚያውቀው ብለውኝ ነበር። እኔ ደንቆሮ ግን ምን ሰማሁ? ጥቁር ውሻ፣ ላብራዶር፣ ሽበት አለው። ልጄን ላክሁና በስልኳ ሃያ ፎቶ አነሳችልኝ። በፎቶው ላይ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ገጠምኩ። ውሻውን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካሁትም።

የሚገርመው ይኼ ነው። በርካታ የሰው ውሻ ሠርቻለሁ፤ ስዊድኖቹ ሥራዬን አይተው አልቅሰውልኛል፤ እኔ ግን ውሻ ነክቼ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ባቴን ይዞ ጎተተኝ። የእብድ ውሻ ነው ተብሎ እምብርቴ ዙሪያ በየቀኑ መርፌ ተወጋሁ፤ አራት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ የሚይዙኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ዛሬም የአውቶቡሴን በር ከፍቼ ውሻ ሲገባ እግሬን ከፍሬኑ ላይ እሰበስባለሁ። ፎቶ ግን አይናከስም። ከፎቶ ጋር እስከዛሬ ተግባብተን ኖረናል፤ የማያይ ሰው እስኪያዘኝ ድረስ ማንም አልነቃብኝም።

አባባ ሰኞ ዕለት ነቁብኝ። እንጨቱን ወደኔ ገፋ አድርገው፣ «አንቺ ነክተሽው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእንጨት ብናኝ በመዳፌ መጥረግ ጀመርኩ።

«እጅሽን ስጪኝ» ብለው እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ልሰጣቸው ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው። ውሻው ግን ስሙ የተጠራ መስሎት አንገቱን ቀና አደረገ፣ እኔም ሳላውቀው ወደኋላ ሄጄ መደርደሪያው ጋ ተጋጨሁ። የምስማር ጣሳ ወድቆ ተበተነ። አፍሬ ዝም ማለት ሲገባኝ፣ ስናደድ አፌ ይቀድመኛልና፣ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ነው የሠራሁት፣ ከዚህ የተሻለ ከፈለጉ ሌላ ሰው ይፈልጉ አልኳቸው። አባባ ተነሱ። የውሻውን መያዣ ጨበጡና ቀስ ብለው ወደ ሊፍቱ ሄዱ። ውሻው የኋላ እግሩን እየጎተተ፣ ታሞም ቢሆን፣ ከበሩ ጠርዝ እንዳይጋጩ በትከሻው ገፋ አደረጋቸው። ያንን አየሁና ምስማሩን ስለቅም አለቀስኩ።

ማክሰኞ የነዳሁት አነዳድ አነዳድ አልነበረም። ማርሽ የለው እንጂ ማርሹን እሰብረው ነበር። አንድ ተሳፋሪ ፌርማታው ላይ ስላላቆምኩለት ጮኸብኝ፤ እኔም ጮህኩበት። እቤት ስገባ ልጄ ሁሉንም ሰምታ፣ እንደ ልማዷ እኔ በአማርኛ ስናገር እሷ በስዊድንኛ እየመለሰች፣ እኔ ልንካልሽ ወይ አለችኝ። አንቺ ብትነኪው ምን ይጠቅመኛል፣ የምቆርጠው እኔ ነኝ አልኳት። እሷም እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ ብላ ጫማዬን አመጣችልኝ።

የአባባ ቤት ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው። ደወልኩ። ከፈቱ። ይቅርታ አባባ ልላቸው አፌን ስከፍት፣ ግቢ ግቢ ብለው ቆረጡኝ። ውሻው ሳሎን መሀል ብርድ ልብስ ላይ ተኝቷል። አባባ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ እኔም ከአባባ ወዲህ ተቀመጥኩ።

«ጀርባውን እንዳትነኪ» አሉኝ። «ባለፈው ሐኪሙን ሊነክሰው ነበር። ራሱን ብቻ። አንዴ ካሳረፍሽ ደግሞ እጅሽን አታንሺ፤ ብታነሺው ይደነግጣል።»

እንዲህ ይባላል እንግዲህ ለሚፈራ ሰው። እጄን ያዙና ከእጃቸው ሥር አድርገው አወረዱት። ሞቀኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ሙቀቱ ነው፤ እንደዚያ ይሞቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወዲያው ከጉሮሮው ማጉረምረም ወጣ፤ ዝቅ ያለ፣ ረጅም። መላ አካሌ ተነሺና ሩጪ አለኝ። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። «አታንሺ» አሉ አባባ በቀስታ። አላነሳሁም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ድምፁ ቀጭን እየሆነ መጣና ቆመ። ውሻው በረጅሙ ተነፈሰና አገጩን ባቴ ላይ፣ የዚያኛው ውሻ ጥርስ ጠባሳ ካለበት ቦታ በላይ፣ አሳረፈ። እመቤቴን፣ ያኔ ትንፋሼ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ዓይኔን ጨፍኜ መዳሰስ የጀመርኩት። እኔ ግንባሩን እንደ ቁልቁለት አንሸራትቼ ነበር ወደ አፍንጫው ያወረድኩት፤ ለካ ዓይኖቹ መሀል ደረጃ አለ፣ አውራ ጣት የምትገባበት ጎድጓዳ። ጸጉሩ ከአፍንጫው ወደ ላይ፣ ወደ አናቱ ነው የሚሄደው፤ እኔ ደግሞ ዋልነቱ እንዲያምር ብዬ የእንጨቱን ጅማት አግድም አዙሬዋለሁ። አባባ ሲዳስሱት ጸጉሩን ወደ ጎን እንደማበጠር ነው የሆነባቸው። አናቱ ላይ፣ በሁለቱ ጆሮዎች መሀል ስደርስ፣ ጸጉሩ የሳሳበት ቦታ አገኘሁ። ቆዳው ለስልሶ፣ የአውራ ጣት ያህል መላጣ ሆኗል። ሃያውም ፎቶ ላይ የለም፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ምን ይታያል?

«ይሄ ምንድነው አባባ? ቁስል ነው?»

«እሱ የኔ ነው» አሉ። «መንገድ ልንሻገር ስንቆም እጄን እዚያ ነው የማሳርፈው። መብራቱ እስኪለቀን።»

ስወጣ እጄን መታጠብ እንኳ አላስታወስኩም።

ረቡዕ ሆቢሩሙ የኔ የነበረው ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የተጣበቀውን ግንባርና አናት በመሮ መፈልቀቅ ጀመርኩ። ኮላው ጠንክሯል። ግንባሩ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ እሱስ ይሰንጠቅ፣ ሊቀየር ነው። ጉንጩ ግን አብሮ ተነሳ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ጥቁሩ ዋልነት አልቋል፤ መደርደሪያዬ ላይ ያለው ደረቅ እንጨት አንድ ቀላ ያለ ጣውላ ብቻ ነው። ጥቁር ውሻ ቀይ ግንባር ሊኖረው ነው ብዬ ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ገባኝ። ለማን ነው ጥቁር የምፈልገው? ማን ሊያየው? ለዓይነ ስውር ሰው ሦስት ሳምንት ቀለም ስመርጥ ከርሜ፣ እሳቸው የጠየቁኝን አንዷን ነገር ግን አልሠራሁም። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

ቀዩን ጣውላ ጅማቱን ወደ ላይ አዙሬ መጋዟ ላይ አደረግሁት። አናቱን ሳዞር ምላጩ ጧ ብሎ ተሰበረ። ቀየርኩ። ጉንጩ ላይ ሁለተኛው ተሰበረ። የቀረኝ አንድ ነበር። እሷን ሳስገባ ቀጥ አልል ብላኝ ሁለት ጊዜ አወለቅኋት። በስመ አብ ብዬ፣ እንጨቱን ሳልገፋ፣ መጋዟ ራሷ እስክትበላው እየጠበቅሁ ሄድኩ። ጉንጩም ደህና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። መጋዟን አጠፋሁና የብርጭቆ ወረቀቱን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ማሸት፣ መዳሰስ፣ ማሸት። ዓይኖቹ መሀል ያለችውን ደረጃ ሠራኋት። አናቱ ላይ ስደርስ አውራ ጣቴን በወረቀቱ ጠቅልዬ አንዲት ቦታ ብቻ እየደጋገምኩ አሸሁ፣ ጣቴ ራሱ ገብቶ እስኪቀመጥ። ልጄ ልትጠራኝ ገብታ ዓይኔን ጨፍኜ እንጨት ስዳብስ ብታገኘኝ፣ ደህና ነሽ ወይ ብላ በስዊድንኛ ጠየቀችኝ። ውጪና በሩን ዝጊው አልኳት። ሰዓቴ ሊያልቅ ሩብ ሲቀረው በኮላ ገጠምኩትና በሞርሳ ጠፈርኩት። ዘይት ቢቀባ ስለማይደርቅ እንዲሁ ተውኩት።

ሐሙስ የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ስሮጥ ቱነልባናው ዘገየ። ለአካል ጉዳተኛ የሚመጣው ታክሲ ስምንት ሰዓት ነው የተባለው፤ እኔ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ። አባባ ጃኬታቸውን ለብሰው መሬት ላይ፣ ውሻው አጠገብ ተቀምጠዋል። እንጨቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ። ግራ እጃቸውን ውሻው ላይ፣ ቀኛቸውን እንጨቱ ላይ አደረጉ። ሁለቱ እጆች አብረው ከአፍንጫው ጀመሩ፣ አብረው ወጡ፣ ዓይኖቹ መሀል ደረሱ። ፊታቸውን አያለሁ፤ ምንም የሚነበብ ነገር የለውም። አናቱ ላይ ደረሱና ቆሙ።

በሩ ተደወለ። ሾፌሩ ነው።

አባባ እጃቸውን አነሱ፣ እንጨቱን በሻርፓቸው ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሆነ አላሉኝ፣ አልሆነም አላሉኝ። እንዴት ብዬ ልጠይቅ በዚያ ሰዓት? ውሻው መነሳት አቃተው። ሾፌሩ ሰዓቱን አየ። እኔ ጎንበስ አልኩና ጀርባውን ሳልነካ በደረቱና በእግሮቹ ሥር አቅፌ አነሳሁት። ከባድ ነበር። ፊቱ ፊቴ አጠገብ ነበር። መኪናው ድረስ ተሸከምኩት።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ጊዜ ሰጠን። አባባ አውራ ጣታቸውን ከዚያች ቦታዋ ላይ አሳርፈው «በርታ ወዳጄ» አሉት። መብራት እንደሚጠብቅ ሰው ቆዩ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ባዶውን የውሻ መያዣ እንደያዙ ነበር። ቦርሳው እግራቸው ሥር ነው፤ አልከፈቱትም። ሦስት ቀን ሙሉ ያ ቦርሳ ከፊቴ አልጠፋ አለኝ። አላወቁትም ማለት ነው፣ ሊያሳፍሩኝ ስላልፈለጉ ነው ዝም ያሉት አልኩ። አሁን ደግሞ ማስተካከያ የለም፤ የሚዳሰሰው ሄዷል።

እሑድ ጠዋት ከልጄ ጋር ሄደን ከቤታቸው ወሰድናቸው። ነጭ ዱላ ይዘዋል። አካሄዳቸው ጠፍቶባቸዋል፤ ትንሿ የመንገድ ጠርዝ ታስደነግጣቸዋለች። ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ አሥር ዓመት የቆሙባት ቦታ ላይ እግራቸው በራሱ ቆመ። ሰው እያለፈን ይገባል። አሁን የሚከለክላቸው ነገር የለም፣ ይግቡ አባባ ልላቸው አሰብኩ።

እሳቸው ግን ቦርሳቸውን ከፍተው ሻርፑን ፈቱ። ያን ጥቁር ፊት ከቀይ ግንባሩ ጋር አወጡት። አውራ ጣታቸው ሳይፈልግ፣ ሳይዳብስ፣ ቀጥ ብሎ አናቱ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ትንሽ እንደዚያ ቆዩና በሁለት እጃቸው ወደኔ ዘረጉት።

«በይ ያዥልኝ ልጄ» አሉኝ። «ውሻ አይገባም።»

ተቀበልኳቸው። ልጄ ክንዳቸውን ያዘች፤ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ እንኳ እኔ ልያዝልዎ ያላልኩት ሴትዮ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ እንጨቱን ደረቴ ላይ ይዤ ከበሩ ውጪ ቆምኩ። ቅዳሴው ሲጀመር ድምፅ ማጉያው ትንሽ ተንሿሿና ተስተካከለ። ብርድ ነበር። አንዲት የማውቃት ሴት አርፍዳ እየተጣደፈች መጥታ ምነው ውጪ ቆምሽ፣ ምንድነው የያዝሽው አለችኝ።

«የአባባን ውሻ ነው» አልኳት።